ሦስት ሚሊሜትር

የመውቂያ ማሽኑ ዘንግ አልገባም ሲባል ወጣቱ ዲዛይነር ተንደርድሮ ወርክሾፕ ወረደ። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ የሚያርፍበት ቀዳዳ ሦስት ሚሊሜትር ስቶ ተበስቷል። አርባ የማሽን የጎን ብረቶች ተበላሽተዋል።

"ጋሽ ደርበው፣ የማሽን ሥዕል ማንበብ ካቃተዎት ለምን አይጠይቁም?" አላቸው ቀዳዳዎቹን የበሱትን ሽማግሌ።

"እንደሣልከው ነው የበሳሁት።"

"እንግዲያው ዛሬ አንዳችን ከዚህ ቤት እንወጣለን።"

ሽማግሌውን አስከትሎ ቢሮ ገባ። ሥራ አስኪያጇ የሽማግሌውን የስንብት ደብዳቤ ለመፈረም ብዕሯን አንስታለች። ዲዛይነሩ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረላት። ስክሪኑ ላይ ባለው ሥዕል ዘንጉም ኩሽኔታውም ልክክ ብለው ተቀምጠዋል።

"እዚህ በዓይን ግምት የተቀመጠ ነገር የለም" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እያንዳንዱ ክፍል ከቦታው ታስሯል፤ ቢጎትቱት አይንቀሳቀስም።"

ጋሽ ደርበው በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ያሰሩትን ብረት ሳይነቀንቁ አስረክበው አያውቁም።

"ልነቅንቀው?" አሉ።

"ከፈለጉ ይታገሉት።"

ማውሱን እንዴት እንደሚይዙ በንቀት አሳያቸው። ሽማግሌው ኩሽኔታው ላይ ተጭነው ቀስ ብለው ሳቡት።

ኩሽኔታው ከማረፊያው ሰተት ብሎ ወጥቶ እስከ ስክሪኑ ጥግ ተከተላቸው፤ ሳይታሰር በዓይን ግምት የተቀመጠ ነበር።