የውሻ ኩላሊት

ሥራዋ ለምርምር የሚባዙ የእንስሳት ሴሎች በእርግጥም በላያቸው የተጻፈው እንስሳ መሆናቸውን ማጣራት ነው። በዚያ ሳምንት ወገቧ እስኪቆረጥ ድረስ መቶ አሥራ ስምንት ናሙና መረመረች። የመጨረሻው ላይ «የውሻ ኩላሊት» ተብሎ ተጽፏል። ውጤቱ ግን የሰው ሆነ፤ ያውም የሴት።

«ምራቄ ነክቶት ይሆናል» አለችና ከራሷ ዲኤንኤ ጋር አነጻጸረችው። አንድም ልዩነት የለውም። እፎይ አለች። ደክሟት ናሙናውን በክላዋለች ማለት ነው።

«ጋሼ፣ በሞቴ እርስዎ ይድገሙልኝ። እኔ ዓይኔም እጄም አልታዘዝ ብሎኛል» ብላ የማከማቻውን ኃላፊ ለመነች። ሽማግሌው ከዚያው ሴል ተከፍቶ የማያውቅ፣ አፉ በእሳት የታሸገ ብልቃጥ አወጡ። እሷ ወደ ክፍሉ ሳትገባ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፤ እንቅልፍም ሸለብ አደረጋት።

ሲቀሰቅሷት የውጤቱን ወረቀት ይዘው ነበር።

«ያው ያንቺ ነው፣ ልጄ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ አልነካሁትም! መቼ ነው የታሸገው?»

ሽማግሌው የማከማቻውን መዝገብ ገልጠው ቀኑን በጣታቸው አሳዩዋት። ደጋግማ አሰላችው።

ያኔ እናቷ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች።