ጌሙ የጠራው ስም

ይሄን ውሸት ነው ያለ ምላሱ ይታሰር። ሰውየው ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ የኦንላይን ጌም ሊጀምር ነው። ስክሪኑ «ማን መሆን ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠየቀው፦ ጦረኛ፣ ቀስተኛ፣ ፈዋሽ፣ ጠንቋይ።

«ጠንቋይ ልሁን እንዴ?» አለ በማይኩ፣ ለማያውቃቸው ተጫዋቾች።

«ወልደ ገብርኤል!» አለው አንድ ወፍራም ድምፅ ከማዳመጫው ውስጥ።

ሰውየው ክው አለ። የክርስትና ስሙ ነው። ሚስቱ እንኳ አታውቀውም፤ እናቱ «ጠንቋይ ከሰማው ያስርሃል» እያለች ደብቃው ነው የሞተችው። ጌሙ ላይ ያስገባው ደግሞ «ነብሮ 77» ብሎ ነው።

ላቡ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ፤ ኪቦርዱ ዋኘ ብል አላጋነንኩም።

«በስመ አብ! አንተ ርኩስ መንፈስ፣ ስሜን ማን ነገረህ?»

«ራስህ ነሃ፣ ንስሐ ስትገባ! ድምፅህ መቼ ይጠፋኛል ልጄ?»

«አባ?! የንስሐ አባቴ?»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል። ይልቅ ጠንቋዩ እኔ ነኝ፤ ፈዋሽ ነው የጎደለን፣ ቶሎ ምረጥ።»