ከሥዕሉ ጀርባ

የሊዮኒ ልጅ በሰሜን፣ ዳርዊን ከተማ፣ ልትወልድ አራት ቀን ቀርቷታል። ሊዮኒ ግን በአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ በደቡብ፣ አደሌድ ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ቢሮ፣ ከአንድ የሰደድ እሳት መመሪያ ጋር ታስራለች።

መመሪያው ስልሳ ገጽ ነው። ደንቡ ዓይነ ስውርም ኮምፒውተር እያነበበለት ይስማው ይላል። ስለዚህ ከየሥዕሉ ጀርባ፣ ዓይን የማያየው፣ ጆሮ ብቻ የሚሰማው መግለጫ ይጻፋል። ሊዮኒ ሦስት ጊዜ ጨረስኩ ብላ ረቂቁን ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ላከች። ሦስቱንም ጊዜ ስም የሌለው አቤቱታ መጣባት፦ የገጽ ዐሥራ አራት ሥዕል ዲዳ ነው፤ ሠንጠረዡ ተዘበራርቆ ይነበባል። የሚያናድደው አቤቱታው ሁሌም ልክ መሆኑ ነው።

በአውሮፕላን ወደ ልጇ ለመሄድ አለቃዋን ክላይቭን ፈቃድ ጠየቀችው። እንደ ልማዱ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ክሪኬት የሚባለው የኳስ ጨዋታ በማይኖርበት በክረምት እንኳ ክሪኬት ያዳምጣል ብለው ያሙታል። ማመልከቻዋን እሷው አነበበችለት። አለቃ ሲሆኑ እንዲህ ነው፤ ሲፈርም እንኳ ቦታውን በጣት ካላሳዩት አይፈርምም።

«አቤቱታው ሳይቆም የትም አትሄጂም» አላት።

«ልጄ እኮ ብቻዋን ናት፣ ክላይቭ።»

«ገባኝ። ግን መመሪያው እንዲህ ሆኖ ሊወጣ አይችልም።»

ጥርጣሬዋ ዴዝሞንድ ላይ አረፈ። ስልክ የሚያገናኘው ዴዝሞንድ የመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ ዓይነ ስውር ነው፤ ምላሱም አያርፍም። ስታፋጥጠው ሳቀባት።

«እኔ ስሳደብ ከነስሜ ነው፣ የኔ እመቤት።»

አላመነችውም። ከእሱ ሌላ ማን ይሰማዋል?

ረቡዕ ጠዋት እልህ ያዛትና ወጥመድ ዘረጋች። ከገጽ ዐሥራ አራት ሥዕል ጀርባ ያለውን መግለጫ አጥፍታ እንዲህ ጻፈች፦ «ማን እንደሆንክ ለማንም አልናገርም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ ክፍል ና፤ ኬክ ይዤ እጠብቅሃለሁ። ልጄ ልትወልድ ነው፤ እባክህ ልቀቀኝ።» ረቂቁንም እንደ ወትሮው ለሁሉም ላከች።

ከዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ጀምራ ሻይ ክፍል ተቀመጠች። ኬኩ ጠረጴዛው መሀል ነው። በተከፈተው በር ዴዝሞንድ ይታያታል።

ዘጠኝ ሆነ። ዴዝሞንድ አንዱን ደዋይ እያሳቀ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ሊዮኒ የአውሮፕላኑ ነገር አበቃለት አለች በልቧ።

ያን ጊዜ ክላይቭ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ገባና «ኬኩ የቱ ጋ ነው?» አላት።