ከፍ ያለው ምስማር

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ሞንግኮኑ በቦታው ነበር። ከወለሉ ሁለት ሜትር ከአሥር ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ያለ ምስማር ይዞታል። በራስ ልክ የተሠራ፣ ከገመድ ተገምዶ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ክብ ነገር ነው፤ ከኋላው አጭር ጭራ ወርዶለታል። ከእሱ በላይ ጣሪያው ብቻ አለ።

ዋይት ሴንተር በሚባል የአሜሪካ ሰፈር ባለው በዚህ የታይ ቦክስ ቤት ቀበቶ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያ ቀን፣ ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ጥቁር የቴኳንዶ ቀበቶ ታጥቄ ስመጣ መምህሩ አገላብጠው አዩት። “ጥሩ ነው” አሉኝ። “ሱሪህ አይወልቅም።” ሁላችንም ክሩ እንላቸዋለን፤ በቋንቋቸው መምህር ማለት ነው።

እዚህ ማዕረግ የሚታወቀው በአንድ መንገድ ነው። ተማሪው ቤቱን ወክሎ ለመጋጠም ደርሷል ብለው ባመኑ ቀን፣ ክሩ ሞንግኮኑን አውርደው ራሱ ላይ ያደርጉለታል። በሁለት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ትናንት ማታ “ነገ ሰው ካለህ ይዘህ ና” አሉኝ።

ያለኝ ሰው አብሮኝ ፓርኪንግ የሚሠራው ሙላው ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የመኪናውን ቁልፍ ያሽከረክራል።

“ዘካሪያስ፣ ሶ ጥቁር ቀበቶህን በገመድ ለወጥከው ማለት ነው?”

“ዝም ብለህ እይ።”

“እያየሁ ነው። ጫማ አስወለቁኝ፣ ካልሲዬ ደግሞ ተቀዷል።”

ክሩ ከቢሯቸው ወጡ። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ቁመታቸው ጆሮዬ አይደርስም። የእንጨት ወንበር ከምስማሩ ሥር አስጠጉና ቀኝ እግራቸውን አነሱ። ወንበሩ ተንገዳገደ።

ሽማግሌ ሲንጠራራ ቆሜ እንዳይ ያሳደገኝ የለም። “ኧረ ይተዉት፣ እኔ አለሁ!” አልኩ፣ በአማርኛ። ሁለት እርምጃ ሄጄ፣ እጄን ዘርግቼ ሞንግኮኑን አወረድኩት። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

የቦክስ ከረጢት ሲመቱ የነበሩት ተማሪዎች ሁሉ አቆሙ። ያኔ ገባኝ። ሦስቱንም ጊዜ ያወረዱት ክሩ ናቸው፤ ተማሪው በእጁ ሲነካው አንድም ጊዜ አላየሁም።

ክሩ አልተቆጡም። ተቀበሉኝ፣ በመዳፋቸው ዙሪያውን አበሱት፣ ወንበሩ ላይ ወጥተው መልሰው ሰቀሉት።

“እግርህ ደርሷል” አሉኝ ሲወርዱ። “እጅህ ገና ነው።”

“መቼ ይደርሳል?”

“ስትጠይቀኝ አይደለም።”

የሙላው ፔጀር ጮኸ። ቁጥሩን አየና ተነሳ። “አለቀ አይደል? ኦኬ፣ እንኳን ደስ አለህ! እንዴት ደስ የሚል አሰጣጥ ነው፤ ጎንበስ ብለህ ስትይዘው አየሁህ።” ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። “ሺፍቴ ደረሰ፣ ነገ ኮል አደርግልሃለሁ።”

አላረምኩትም። ጫማውን ሳያስር ወጣ።

ሌሎቹም አንድ በአንድ ሄዱ። ክሩ ከቢሯቸው ሆነው ስልክ ያወራሉ፤ በቋንቋቸው ነው፣ ይስቃሉ። እኔ ወለሉን ጠርጌ ስጨርስ ምስማሩ ሥር ሄድኩና እጆቼን ከጀርባዬ አጣምሬ ቆምኩ። ጭራው ከፀጉሬ በአራት ጣት ይርቃል።