የካርዱ አናት

ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ካርዴን መለሱልኝ። «ይሄ ርእስ አያስኬድም።»

«ለልውውጥ የቀረቡ ቴምብሮች» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ጋሽ ዘይኑ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሰው ናቸው፤ በቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር የተሰቀለውን የደሴ ቴምብር ሰብሳቢዎች ሰሌዳ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። የካርዱ አናት ከሥሩ ያለውን በትክክል ካልተናገረ አይለጥፉም።

«በምን ልትለውጪ ነው?»

«በምንም። ልሰጣቸው ነው።»

«ታዲያ ሰው ቴምብሩን ታቅፎ ከቢስቲማ ድረስ በከንቱ ይምጣ? እዚያ የተቀመጠው ጀላል ‹ብርቅ ዕድል› ብሎ ለጥፎ፣ አንዱ ከሐርቡ በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ። ወላሂ፣ የጠበቀው ግማሹ የተቀደደ አንድ ቴምብር ነው!»

ጀላል ከሚያነበው ጋዜጣ ቀና አለ። «ሌላው ግማሽ ግን ደህና ነበር እኮ፣ ጋሽ ዘይኑ።»

ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ርእሱን ሰርዤ «በነጻ የሚሰጥ የቴምብር ስብስብ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱ አልበሞች ጉልበቴ ላይ ናቸው። ከሳምንት በኋላ ተዛውሬ ኮምቦልቻ ማስተማር እጀምራለሁ፤ የዚያ አገር ሙቀት የቴምብሩን ሙጫ ከገጹ ጋር አጣብቆ ያበላሸዋል። ባለቤቴ ብሩ ደሴን የሚወድበት አንዱ ምክንያት ብርዷ ነበር።

ጋሽ ዘይኑ አንብበው ወደ በሩ ተመለከቱ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሸዋረጋ ልጄ፣ ይሄ የብሩ ሙሉ ስብስብ ነው። ሰው በሕይወት እያለ ሙሉ ስብስቡን አይሰጥም። የሚያነበው ሰው ይጠይቀኛል። ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ ይለኛል።»



የክበቡን ልማድ አውቃለሁ። ሰብሳቢ ሲሞት ከካርዱ አናት «የሟች እገሌ ስብስብ» ተብሎ ይጻፋል፤ አባላቱም ለመታሰቢያ አንድ አንድ ቴምብር ይወስዳሉ። ብሩን በሰባ ዓመተ ምሕረት ከሚያስተምርበት ክፍል ነው የወሰዱት። ሰባት ወር እስር ቤት ስንቅ አመላለስኩ። አንድ ጠዋት ጥበቃው የብሩን ብርድ ልብስ አውጥቶ ሰጠኝና «ከእንግዲህ እንዳትመጪ» አለኝ። ቀበሌው ለቅሶ መቀመጥ ክልክል መሆኑን በዚያው ቀን ነገረኝ። እኔም ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ የምመልሰው «እስካሁን አልመጣም» ብዬ ነው።

«‹የአቶ ብሩ ስብስብ› በይውና ተዪው» አሉ ጋሽ ዘይኑ። «እለጥፈዋለሁ። ለአንቺ ስል እለጥፈዋለሁ።»

«እውነቱን ይናገራል?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አይናገርም፣ ልጄ።»

አዲስ ካርድ ለመንኳቸው፤ በስርዝ ላይ ልጽፈው አልፈለግሁም። ከአናቱ «የሟች ብሩ ወልደ ሚካኤል የቴምብር ስብስብ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቼ የጥቁር ሰሌዳ ፊደል ይመስላሉ፤ ቀጥ ያሉና ትልልቅ። ከዚያ በፊት ቃሉን ጽፌው አላውቅም። ከአፌም ወጥቶ አያውቅም።

ጋሽ ዘይኑ ካርዱን ከሰሌዳው መሃል ላይ በአራት ስፒል ለጠፉት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልሰማሁም።

ጀላል ሰሌዳውን ሊያይ ተነሣ። እንደ ሁሉም ሰው አናቱን ብቻ ነው ያነበበው። ወደ ጋዜጣው አልተመለሰም። መጥቶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከአጠገቤ ተቀመጠ፣ እጆቹን አጣምሮ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ዘይኑም ወንበራቸውን ትተው በወዲያኛው ጎኔ ተቀመጡ።

አንዲት የማላውቃት ሴት መጽሐፍ ይዛ በኮሪደሩ መጣች። ሰሌዳው ፊት ቆመች፣ አነበበች፣ ዞር ብላ አየችን። አግዳሚው ጠባብ ነው። ጀላል ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።