የመርዳሳ ልጅ ምን ተማረች

«ዶክተሯ ወጣች!» አለ ባለጋሪው አብዱናሲር። በረንዳችን አግዳሚ ላይ ተሰልፈው ከተቀመጡት ጎረቤቶች እትዬ ዘውድነሽ ቀድመው ቀሚሳቸውን ሰበሰቡና ጉልበታቸውን አሳዩኝ። «እዚህ ጋ ነው ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ ያድራል።» የቀበሌው ጸሐፊ አብተው ደግሞ «ጓድ ዶክተር፣ እኔ ጥርሴን ነው» አሉኝ።

ከምሥራቅ ጀርመን ናዝሬት የገባሁት ትናንት ማታ ነው። አባቴ፣ ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡት መርዳሳ፣ «ልጄ ዶክተር ሆና ልትመጣ ነው» ሲሉ ከርመዋል። ሰፈሩ አምኗቸው መጣ።

«መጣሁ» ብዬ ወደ ውስጥ ተመለስኩ። አባባ ጉንፋን ጥሏቸው ብርድ ልብስ ተከናንበዋል።

«አባባ፣ እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም።»

«ዶክተር አይደለሽም እንዴ?»

«ዶክተርስ ነኝ፤ የምርምር። የተማርኩት ግን ስለ አንድ ፕሮቲን ነው።»

ሰው ፊት አሳፈርኳቸው ብዬ ተሳቀቅኩ።

«ምን የሚሉት ነው?» አሉ ቀና ብለው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «እንዲህ ጉንፋን ሲይዝዎ፣ ቀድሞ የታመመው ሕዋስ ኢንተርፌሮን የሚባል ነገር ይለቃል። ሌሎቹን ለማስጠንቀቅ ነው። ትኩሳቱም ቁርጥማቱም ከሱ ይመጣል። ታዲያ የደም ሕዋሶችዎ ይኼ ሲደርሳቸው ገላቸው ላይ አንድ ፕሮቲን ያወጣሉ። ስመረምር የኖርኩት እሱን ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ሕዋሶቹ እርስ በርስ ሲያያዙ እጁ ያለበት ይመስላል። የቀረውን ገና ማንም አያውቅም።»

አባባ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው አገላብጠው አዩት።

«አሁን እኔ ላይ አለ?»

«አሁንማ በደንብ አለ።»

ብድግ አሉ። «ኧረ ይተኙ» ብላቸውም አልሰሙኝም፤ ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳ ወጡ። ተከተልኳቸው።

«ጎረቤቶቼ» አሉ በተዘጋ ድምፅ፣ «ለጉልበትና ለጥርስ ሆስፒታል አለላችሁ። የኔ ልጅ የምትመረምረው ዓለም ገና መርምሮ ያልጨረሰውን ነው። የታመመ ሰው ደም ላይ የሚወጣ ነገር ነው። ይኸው እኔ ላይ አለ!» ሳል አቋረጣቸው።

አንገቴን ደፋሁ። ማንም ግን አልተነሣም።

«እኔስ ላይ ባለፈው ሲያተኩሰኝ ነበረ ማለት ነው?» አሉ እትዬ ዘውድነሽ።

«ነበረ፣ እትዬ።»

«በይ ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ንገሪን።»

አብዱናሲር አግዳሚው ላይ ጠጋ አለልኝ። አባባም በሰዎቹ መሐል ተሸጉጠው ተቀመጡ፤ በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ይስቃሉ።