ሲገጠም የማይዞር

አዛውንቱ የቧንቧ ሠራተኛ የጋለውን የፕላስቲክ ቱቦ የጋለው መታጠፊያ ውስጥ ከተተና ሳያስበው ትንሽ አዞረው። አርባ ዓመት ሙሉ በብረት ቱቦ ጥርስ ላይ ቃጫ ሲጠመጥምና ሲያጠብቅ የኖረ እጅ ነው። ፕላስቲክ ግን ቀልጦ ሲጋጠም ከዞረ ዛሬ ውሃ ይይዝና ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ግድግዳው ውስጥ ማንባት ይጀምራል። ዛሬ የሚፈተነውን ይህን የፕላስቲክ ቱቦ ፈተና ከወደቀ ደግሞ የእሱ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል።

ፈታኟ፣ ድሮ ራሱ ሙያውን ያስተማራት የዛሬዋ አለቃው፣ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነበር። «ቆንጆ ነው ጋሼ፤ አልፈዋል።»

መጋጠሚያው ከውጭ ሲታይ እንከን አልነበረውም። «ቁረጪው» አላት። «አዙሬዋለሁ።»

«እኔ እንደሆነ አላየሁም።»

«ውሃው ያያል።»

ቆረጠችው። «‹ጠበቅ አድርጊው፣ ምሳ አልበላሽም እንዴ?› እያሉ ያስለቀሱኝ እርስዎ አልነበሩ?» አለች እየሳቀች።

አዲስ ቱቦና መታጠፊያ አግሎ ቱቦውን ወደ ውስጥ ገፋው። «በይ እጄን ያዢልኝ፤ አላምነውም።»

የእጁን አንጓ በሁለት እጇ ጨብጣ ፕላስቲኩ እስኪጠነክር ሰከንዱን ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። እጁ ለመዞር ታገላት። አምስት ላይ ለቀቀችው፤ ስድስት፣ ሰባት አለች። እጁ ባለበት ቆየ።